የጉዞ ካርዱን ከመዝጋትዎ በፊት ቀኖቹን ይቁጠሩ

ጥያቄ፦ «በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከአንድ ወር በፊት የሠራተኞች የጉዞ ካርድ አስተባባሪ ሆኜ ተመደብኩ። ወደ 400 የሚጠጋ ቻርጅ ካርድ በሠራተኞች እጅ አለ። ካርዱ የወጣው በየሠራተኛው ስም ነው። ባንኩም ሂሳቡን የሚልከው ለሠራተኛው ነው። ዩኒቨርሲቲው ከጉዞ በኋላ ወጪውን ለሠራተኛው ይተካል። አሁን 31 ሰዎች የክፍያ ቀናቸው አልፏል። ባንኩ በየሳምንቱ ደብዳቤ ይጽፋል። አንድ ዲን ደግሞ የባለቤቱን የአውሮፕላን ትኬት በካርዱ ገዝቷል። ‹ራሴ ከፍዬዋለሁ፣ ታዲያ ምን ችግር አለው?› ይላል። አለቃዬ ካርዱን በሙሉ ዘግተን እንገላገል እያሉ ነው። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ እባክዎ አይዝጉት። ቢያንስ ገና አይዝጉት።

ካርዱን ቢዘጉት ጉዞው አይቆምም። መምህሩ ወይ ከኪሱ ያወጣል፣ ወይ ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል። ቅድመ ክፍያ ሲበዛ ምን እንደሚከተል ፋይናንስ ውስጥ ለሠራ ሰው መንገር አያስፈልግም። ተሰብሳቢው ይከመራል፣ ሳይወራረድ ዓመት ይዞራል፣ ኦዲተሩም በየዓመቱ ያንኑ ግኝት ይጽፋል። ካርድ ግን እያንዳንዱን ወጪ ከነቀኑና ከነሻጩ ስም መዝግቦ ያስቀምጥልዎታል። ከኪስ የወጣ ጥሬ ገንዘብ እንዲህ ያለ ዱካ የለውም።

መጀመሪያ ካርዱ ምን እንደሆነ እንያዝ። ቻርጅ ካርድ ከተለመደው ክሬዲት ካርድ ይለያል። ክሬዲት ካርድ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ ቀሪውን ከወለድ ጋር ወደሚቀጥለው ወር እንዲያሻግሩ ይፈቅዳል። ቻርጅ ካርድ ላይ ግን የወሩ ሂሳብ በሙሉ በመክፈያ ቀኑ መከፈል አለበት። ይህ ዓይነቱ ካርድ ሲወለድም ለተጓዥ ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አየር መንገዶች ለመንገደኞቻቸው የዱቤ ጉዞ ካርድ አወጡ። በ1950 እ.ኤ.አ. ዳይነርስ ክለብ የተባለው ካርድ መጣ። ሐሳቡ «ዛሬ ተጠቀም፣ ሂሳቡ ሲመጣ ሙሉውን ክፈል» የሚል ነበር። ለነጋዴ ይህ ቀላል ነው። የራሱን ገንዘብ ራሱ ያዛል። ለእርስዎ መምህር ግን ሂሳቡ የሚከፈለው ከዩኒቨርሲቲው በሚመጣ ገንዘብ ነው። የገንዘቡ መምጫ ቀን ደግሞ በእጁ አይደለም።

ስለዚህ 31ዱን ሰዎች ከመውቀስዎ በፊት ቀን ይቁጠሩ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት እኔም እንደ እርስዎ አስተባባሪ ነበርኩ። አንዲት ወጣት መምህርት ስሟ ዝርዝሩ ላይ ወጣ። ስልክ ደውዬ ቆጣ ብዬ ተናገርኳት። በማግስቱ ቢሮዬ መጣች። አልተከራከረችም። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቶቿን በቀን ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው። ከጉዞ በተመለሰች በ4ኛው ቀን ወጪዋን አስገብታለች። ማመልከቻው ክፍል ኃላፊው ዘንድ 19 ቀን ተኝቷል፤ ኃላፊው ራሱ ጉዞ ላይ ነበር። ከዚያ እኛ ጋ ደረሰ። እኛ ደግሞ «የሆቴሉ ደረሰኝ ዝርዝር የለውም» ብለን መለስንባት። ዝርዝሩን ከሆቴሉ እስክታስልክ፣ እንደገና እስኪጸድቅ፣ ክፍያው እስኪወጣ 47 ቀን ሆነ። የባንኩ ደብዳቤ ከእኛ ክፍያ ቀድሞ ደርሷታል። ጥፋተኛ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ያዘገየናት ግን እኛ ነን። ያን ቀን ዝርዝሩን የማነብበት መንገድ ተለወጠ።

እርስዎም 31ዱን ለሦስት ይክፈሏቸው። አንደኛው ክምር ወጪያቸውን አስገብተው የእናንተን ክፍያ የሚጠብቁ ናቸው። ለእነዚህ ይቅርታ ነው የሚገባቸው። ክፍያቸው በዚህ ሳምንት ይውጣ። ባንኩ ጋም ደውለው ጊዜ ይጠይቁላቸው። ሁለተኛው ክምር ጉዞውን ጨርሰው ወረቀት ያላስገቡ ናቸው። እነዚህን በኢሜይል አይጨቅጭቋቸው፤ ስልክ ይደውሉ። «ምን ጎደለዎት?» ይበሉ። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ደረሰኝ ነው። ሰውየው ያቺን አንድ ደረሰኝ እያሰበ ሙሉውን ፋይል መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሦስተኛው ክምር ገንዘቡን ከዩኒቨርሲቲው ተቀብለው ለባንኩ ያልከፈሉ ናቸው። እውነተኛው ችግር ይህ ነው። በእኔ ልምድ ከሦስቱ ትንሹ ክምርም ይኸው ነው። የእነዚህ ካርድ ወዲያውኑ ይታገድ።

መለኪያ ከፈለጉ የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ሥርዓት ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የፌደራል ሠራተኞች ለሥራ ጉዞ የመንግሥት ካርድ እንዲጠቀሙ አስገደደ። ግን ግዴታው በሠራተኛው ላይ ብቻ አልተጫነም። ሠራተኛው ከጉዞ በተመለሰ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ወጪውን ያቀርባል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የተሟላ ማመልከቻ በቀረበለት በ30 ቀናት ውስጥ ይከፍላል። ካዘገየ ለሠራተኛው የመዘግየት ክፍያ አለበት። ባንኩም በበኩሉ የወሩ ሂሳብ መግለጫ ከተዘጋ በኋላ 61 ቀን ድረስ ካልተከፈለ ካርዱን ያግዳል፤ 126 ቀን ከሞላው ይሰርዘዋል። የእናንተ ቁጥሮች ከእነዚህ ሊለዩ ይችላሉ። ውሉን ያንብቡ። ዋናው ነገር የእናንተ የመተኪያ ቀን ከባንኩ የመክፈያ ቀን መቅደሙ ነው። ይህ ካልሆነ የቱንም ያህል ጥብቅ መመሪያ ቢያወጡ ውሃ አያነሳም።

የዘገየ ክፍያ ዋነኛ ምንጭ የአውሮፕላን ትኬት ነው። አስቡት፤ ጉባኤው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ትኬቱ ዛሬ ካልተገዛ ይወደዳል። መምህሩ ዛሬ ገዛው። ሂሳቡ በሚቀጥለው ወር መጣ። የእናንተ ደንብ ደግሞ «ወጪ የሚተካው ጉዞው ካለቀ በኋላ ነው» ይላል። ስለዚህ መምህሩ ገና ላልሄደበት ጉዞ ከደመወዙ ይከፍላል፤ ወይም የክፍያ ቀኑ ያልፍበታል። ይህ የሠራተኛ ጥፋት አይደለም፣ የደንብ ስህተት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ትኬትና የጉባኤ መመዝገቢያ ክፍያ እንደተገዛ ወዲያው ይተካ። ወይ ደግሞ ትኬት ከግለሰቡ ካርድ ላይ ጭራሽ ይውጣ። ዩኒቨርሲቲው ከጉዞ ወኪሉ ጋር አንድ ማዕከላዊ አካውንት ይከፍታል። በሰው እጅ የሚያዝ ፕላስቲክ የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ትኬት ሁሉ በዚያ ይቆረጣል፣ ሂሳቡም በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይመጣል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ትኬቱ ከካርዱ ላይ ሲወርድ የሚቀረው ሆቴል፣ ትራንስፖርትና ምግብ ነው። የዘገየ ክፍያ ዝርዝርዎ ወዲያው ሲያጥር ያያሉ። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በማዕከላዊ አካውንት የተከፈለ ትኬት ተመልሶ በሠራተኛው የወጪ ማመልከቻ ላይ እንዳይመጣ ይጠንቀቁ። ሁለት ጊዜ የሚከፈለው እዚህ ጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ማንም ሆን ብሎ አያደርገውም።

ለሦስተኛው ክምርም መላ አለ። የወጪ መተኪያው ሲወጣ በካርድ የተከፈለው ድርሻ በሠራተኛው በኩል ሳይዞር በቀጥታ ለባንኩ ይግባ። ውሎ አበሉና ከኪሱ ያወጣው ብቻ ለእሱ ይድረሰው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በዚህ መንገድ ይሠራል። ሲስተማችሁ ይህን ከቻለ ሌላ ብዙ ቁጥጥር አያስፈልግዎትም። ገንዘቡ እጁ ካልገባ ለሌላ ነገር ሊያውለው አይችልም።

አሁን ወደ ዲኑ እንምጣ። «ራሴ ከፍዬዋለሁ» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ጥያቄውን አይመልስም። ካርዱ ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም አለ። ካርዱ የተሰጠው በዩኒቨርሲቲው ውል ነው። በብዙ ቦታ የመንግሥት ተቋም በዚህ ካርድ ሲከፍል ከአንዳንድ ግብር ነጻ ይሆናል፣ ቅናሽ ዋጋም ያገኛል። የባለቤቱ ትኬት በዚያ ዋጋ ተቆርጦ ከሆነ ጉዳዩ ከካርዱም ያልፋል። ሌላም አለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በብዙ አገር የካርዱ መግለጫ ማንም ዜጋ ወይም ጋዜጠኛ ጠይቆ ሊያየው የሚችል ሰነድ ነው። ሰነዱ የሚያሳየው በመንግሥት ካርድ የተገዛ የቤተሰብ ትኬት ነው። ገንዘቡ ኋላ መከፈሉ እዚያ ላይ አይነበብም።

ታዲያ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ መጻፍ ነው። ቀኑ፣ መጠኑ፣ ምን እንደተገዛ፣ መቼና በማን ገንዘብ እንደተከፈለ በአንድ ገጽ ይስፈር። ከዚያ ያለፉትን 12 ወራት የካርዱን እንቅስቃሴ ይመልከቱ። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ከሆነ ስህተት ነው ብለው ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ። የካርድ ተጠቃሚነት ስምምነቱን እንደገና ይፈርም። ደጋግሞ የመጣ ከሆነ ግን ልማድ ነው። ያኔ ጉዳዩ ከእርስዎ ጠረጴዛ አልፎ ወደ ውስጥ ኦዲት ይሄዳል። ከዲኑ ጋር ብቻዎን አይጋፈጡ። እርስዎ መረጃውን ያቅርቡ፤ ውሳኔውን ከእሱ በላይ ያለ ሰው ይስጥ። ይህን የምለው ሰው ፈርቼ አይደለም። አስተባባሪው ከሳሽም ፈራጅም ሲሆን ሁለቱንም ሥራ ስለሚያበላሽ ነው።

እግረ መንገድዎን አንድ ነገር ያጣሩ። የዲኑን ወጪ የሚያጸድቀው ማን ነው? ብዙ ቦታ ያየሁት የዲኑ ጸሐፊ ወይም ከሥሩ ያለ የፋይናንስ ባለሙያ ነው። የበታች ሠራተኛ የአለቃውን ወጪ «አይሆንም» ሊል አይችልም። ብሎም ቢሆን አያስኬደውም። የማንም ወጪ ከራሱ በላይ ባለ ሰው ይጽደቅ። የዲኑ በምክትል ፕሬዚዳንቱ፣ የፕሬዚዳንቱ ደግሞ በቦርዱ ወይም ቦርዱ በሚወክለው ሰው። ይህ አንድ ለውጥ አሥር ገጽ መመሪያ የማይሠራውን ይሠራል።

ቁጥጥሩን ከባንኩ ሲስተም ይጀምሩ። ካርድ የሚቀበል ሻጭ ሁሉ ባለ አራት አሐዝ የሥራ ዘርፍ ኮድ አለው። ሆቴል 7011 ነው፣ ምግብ ቤት 5812፣ ታክሲ 4121፣ ቁማር 7995። ከማሽን ጥሬ ገንዘብ ማውጣት 6011 ነው። ትልልቅ አየር መንገዶችና የሆቴል ሰንሰለቶች ከ3000 ጀምሮ የየራሳቸው ኮድ አላቸው። ባንኩ እርስዎ የከለከሉትን ኮድ እዚያው ማሽኑ ላይ ይመልሰዋል። ቁማርና የጌጣጌጥ ሱቅ ዛሬውኑ ይዘጉ። ጥሬ ገንዘብንም ለሁሉም ይዝጉት፤ ካርድ ወደማይሠራበት አካባቢ ለሚሄድ ሰው ብቻ ለጉዞው ቀናት ይከፈትለት።

ግን ኮዱን ከልክ በላይ አይመኑት። ኮዱ የሚናገረው ሻጩ ማን እንደሆነ እንጂ ምን እንደተሸጠ አይደለም። በሆቴል ሂሳብ ላይ የተመዘገበ ማሳጅም ሆነ መጠጥ ሁሉም 7011 ሆኖ ነው የሚመጣው። በተቃራኒው ደግሞ ሕጋዊው ወጪ ይመለሳል። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጀው ጉባኤ ላይ የመመዝገቢያ ክፍያ ሲፈጸም ኮዱ 8220፣ የዩኒቨርሲቲ ኮድ ሊሆን ይችላል። የጉዞ ካርድ ላይ ይህ ኮድ ተዘግቶ ከሆነ መምህሩ በመዝጊያው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ክፍያው ተመልሶበት ይቀመጣል። ስለዚህ ኮድ ሲዘጉ፣ አንድ ሰው በአንድ ስልክ የሚያስከፍትበት መንገድም አብረው ያዘጋጁ።

የገንዘብ ጣሪያውም እንዲሁ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚጓዝ ሰው ዓመቱን ሙሉ ትልቅ ጣሪያ አያስፈልገውም። ጉዞ በሌለበት ወደ ታች ያውርዱት። ጉዞው ሲጸድቅ ለተፈቀዱት ቀናት ከፍ ያድርጉት። ከፍ ሲያደርጉ ግን የሆቴሎችንና የመኪና አከራዮችን መያዣ ያስቡ። ሆቴሉ ሲገቡ ከክፍሉ ዋጋ በላይ የሆነ መጠን ይይዛል። የያዘውንም ሲወጡ ወዲያው አይለቅም፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ሁለት ከተማ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ሆቴል መያዣ ሳይለቀቅ ሁለተኛው ደጃፍ ላይ ካርዱ አልሠራም ይለዋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ሻንጣ በእጅ፣ የማያውቁት ከተማ። እንዲህ የሆነበት ሰው ካርዱን ዳግም አያምነውም። ጣሪያውን በጥሬው ከወጪው ጋር ብቻ አያስተካክሉት፣ ትንሽ ትርፍ ይተዉለት።

ስለ ደረሰኝ ረጅም ነገር አልልም። የሆቴል ደረሰኝ ማለት የካርድ ማሽኑ የሚተፋት ትንሽ ወረቀት አይደለችም። ቀን በቀን የተዘረዘረው ሂሳብ ነው። የማሽኑ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ኪስ ውስጥ ሲቆይ ይደበዝዛል። ከጉዞ የተመለሰ ሰው ፖስታውን ሲዘረግፈው ግማሹ ነጭ ወረቀት ሆኖ አይቻለሁ። ሠራተኛው እዚያው እንደተቀበለ በስልኩ ፎቶ ያንሳው። ይህን በሥልጠና ላይ በአንድ ደቂቃ ሊነግሩት ይችላሉ።

ከዚህ ይልቅ ዓይንዎን የሚፈልጉ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ የተሰረዘ ትኬት ነው። ጉዞው ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ትኬቱን አስቀድሞ ተክቷል። አየር መንገዱ ገንዘቡን ለካርዱ መለሰ፣ ወይም ለወደፊት ጉዞ የሚሆን ክሬዲት በመንገደኛው ስም ያዘ። ያ ገንዘብ የዩኒቨርሲቲው ነው። ካልጠየቁት ግን ማንም አያስታውሰውም። በየወሩ የባንኩን ሪፖርት ያውጡና ተመላሽ የሆኑ ክፍያዎችን ብቻ ለይተው ይዩ። ሌላው ውሎ አበል ነው። ለምግብ ውሎ አበል የተከፈለው ሰው የምግብ ቤት ሂሳብ በካርዱ ቢከፍል ችግር የለውም፤ የሚከፍለው ከአበሉ ነውና። ያንን ደረሰኝ እንደገና ካስተካ ግን ሁለት ጊዜ በላ ማለት ነው። ጉባኤው ምሳ የሚያበላ ከሆነም ከአበሉ ላይ ምሳው ይቀነሳል። የጉባኤውን መርሐ ግብር ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ካርድ ሁሉም ሰው ሊኖረው ይገባል ብዬም አላምንም። በግለሰብ ስም የወጣ ካርድ ሲዘገይ በአንዳንድ አገር የሰውየውን የብድር ታሪክ ያበላሻል። በሥራ ምክንያት ቤት መግዣ ብድር የተከለከለ መምህር ቢኖር ያ የእናንተ ጥፋት ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ለሚጓዝ ሰው፣ ለጀማሪ መምህርና ባንኩ ላልተቀበለው ሠራተኛ ኃላፊነቱ በዩኒቨርሲቲው ላይ የሆነ፣ ለአንድ ጉዞ የተወሰነ መጠን ብቻ ያለው ካርድ ይስጡ። ጉዞው ሲያልቅ ካርዱም ያልቃል። ተማሪ ይዞ ለመስክ ሥራ ለሚወጣ መምህርም እንዲሁ ነው። የሠላሳ ተማሪ ማደሪያ በአንድ ሰው የግል ኃላፊነት ላይ መጫን የለበትም።

ከባንኩ ጋር ያለው ውል ላይ ሌላም የሚያነቡት አለ። ብዙ ባንክ በካርዱ በተከፈለው መጠንና በክፍያው ፍጥነት ልክ ለተቋሙ መልሶ የሚሰጠው ገንዘብ አለ። መልካም ነው። ግን ያ ገንዘብ «ብዙ ካርድ እናውጣ» የሚል ግፊት እንዳይፈጥር። የካርዱ ብዛት የሚወሰነው በተጓዡ ብዛት ነው።

አለቃዎ ዘንድ ሲገቡ ባዶ እጅዎን አይግቡ። አንድ ገጽ ይዘው ይግቡ። ከ31ዱ ስንቱ በየትኛው ክምር እንዳለ፣ ባለፉት ስድስት ወራት አንድ ማመልከቻ ከገባበት ቀን እስከ ተከፈለበት ቀን በአማካይ ስንት ቀን እንደወሰደ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱን ቀን ክፍል ኃላፊው ጋ፣ ስንቱን እናንተ ጋ እንደተኛ። ይህን ለማውጣት ሁለት ቀን ይበቃዎታል። አለቃዎ ካርዱን መዝጋት የፈለጉት የባንኩ ደብዳቤ ስለሰለቻቸው ነው። ደብዳቤው ከየት እንደሚመጣ ሲያዩ ሌላ ነገር ይወስናሉ።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ከሰዓት አንድ ሥራ አለዎት። ከሰው ሀብት ክፍል ባለፈው አንድ ዓመት የለቀቁ፣ ጡረታ የወጡና የተዛወሩ ሠራተኞችን ዝርዝር ይውሰዱ። ከ400ው ካርድ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት። በሁለቱም ላይ የሚገኝ ስም ካለ ባንኩ ጋ አሁኑኑ ይደውሉና ያን ካርድ ይዝጉ። ካሁን በኋላም የክሊራንስ ቅጹ ላይ የእርስዎ ፊርማ የሚያርፍበት አንድ መስመር ይጨመር፤ ካርዱ ተመልሶ፣ ሂሳቡ ተከፍሎ ሳያዩ አይፈርሙ።